ባሌ ከናዳው ብቻውን የተመለሰበት ክረምት

ባሌና ታናሽ ወንድሜ አብረው አሊዩ አምባ ገበያ ወረዱ፤ የተመለሰው ባሌ ብቻውን ነው። በር ላይ ቆሜ ስቀበለው መጀመሪያ ያየሁት ፊቱን አልነበረም። የወንድሜን ጋቢ ለብሶ ነበር። ጥጡን ፈትዬ ሸማኔ ዘንድ ወስጄ ያሠራሁት እኔ ስለሆንኩ፣ ጭቃ ቢውጠውም አልጠፋኝም።

«ወንድሜስ?» አልኩት።

«ናዳ ወረደ» አለ።

«እሱስ የት አለ?»

«ናዳ ነዋ!» አለና የበቅሎዋን ልጓም እንደያዘ ደፉ ላይ ተቀመጠ። የጣቶቹ ጥፍሮች ተነቃቅለው ደሙ ከጭቃው ጋር ደርቆባቸዋል። ይዘዋቸው የወረዱት ሁለት አህዮች የሉም። ልጓሙን ላስለቅቀው ብል አልለቅ አለኝ፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ መፍታት ነበረብኝ። ያን ጊዜ አላለቀስኩም። ዓይኔ ከጋቢው ላይ አልተነሳም። ናዳ የበላው ሰው ጋቢውን አውልቆ ለማን ይሰጣል እያልኩ ነበር የማስበው።

ዘመኑ ንጉሡ ግቢያቸውን ወደ እንጦጦ አዙረው አንኮበር ጭር ማለት የጀመረችበት ነው። ቤታችን ከከተማው በታች፣ የተራራው ወገብ ላይ ነበረ። ሽቅብ ስናይ ተራራ፣ ቁልቁል ስናይ ገደል፣ ከገደሉ ማዶ ደግሞ ቆላው እስከ አዳል አገር ተዘርግቶ ይታየናል። ገብስና ቅቤ እናወርዳለን፤ ከታች ጥጥና አሞሌ ጨው እናወጣለን። ክረምት ሲገባ ብዙ ሰው ቁልቁለቱን ይፈራል። ባሌ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ የተመላለሰበት ስለሆነ «መንገዱ ያውቀኛል» ይል ነበር። ያን ነሐሴ ዝናቡ ሌት ተቀን አላባራ ብሎ ሰንብቶ ትንሽ ጋብ ሲል ነው የወረዱት።

ከመውረዳቸው ቀደም ብሎ ባሌና ወንድሜ ተጣልተው ነበር። ይህን የማያውቅ ጎረቤት የለም። አባቴ ቄስ ነበር። ሲሞት ወንድሜ ገና ልጅ ስለነበረ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለውን መሬት ባሌ እያረሰ ለእናቴ ድርሻዋን ይሰጣት ነበር። ወንድሜ አድጎ ሚስት ሊያገባ ሲያስብ «መሬቴን ልረስ» አለ። ባሌ እሺም እንቢም አላለም። «መስከረም ይጥባና እንነጋገራለን» አለ። ወንድሜ እናቴ ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ «ጋሼ፣ እርስዎ መስከረም የሚሉት የትኛውን ዓመት መስከረም ነው?» አለው። ባሌ ተነስቶ ወጣ። አብረው ገበያ መውረዳቸው ራሱ የእናቴ ማስታረቂያ ነበር። መንገድ ሰውን ያፋቅራል ብላ የላከቻቸው እሷ ናት።

በማግስቱ ያገሩ ወንድ ሁሉ ዶማውን ይዞ ወረደ። ባሌ ቦታውን ሊያሳይ አብሯቸው ሄደ። ሲመሽ አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ እንደሆነ እኔ ዘንድ መጣ። ውሃ ሰጠሁት። ጠጥቶ ቅሉን መለሰልኝ።

«አላገኛችሁትም?» አልኩት።

«ከአህዮቹ አንዷን አገኘናት» አለ። «ባልሽ መጀመሪያ እዚህ ጋ ነው አለን፤ ቆፈርን፣ አህያዋ ወጣች። ታዲያ ልጁስ ብንለው ወደ ላይ አሳየን። ቆፈርን፤ ምንም የለም። ደግሞ ወደ ጎን አሳየን። ልጄ፣ ሰው አብሮት ሲሄድ የነበረ ሰው የት ላይ እንደነበረ ይጠፋዋል?»

«ደንግጦ ይሆናላ።»

«አዎ፣ ደንግጦ ይሆናል» አለ አጎቴ። ሲናገር ግን ቀና ብሎ አላየኝም።

ጥቂት ቀን እንደቆፈሩ ዝናቡ ተመልሶ መጣ። ወንዙ ሞላ፣ የተቆፈረውም ተመልሶ ተሞላ፣ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች የሚያልፍ ሰው ጠፋ። አገሩ ሁሉ ሌላ ሆነ። አንዷ ጎረቤቴ ልጆቿን ሰብስባ ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ታድር ጀመር። በዕድሜው ኪዳን አድርሶ የማያውቅ ሽማግሌ ከዲያቆናቱ ቀድሞ ይደርሳል። ከበላያችን ያለውን ጥድ የቆረጠ ሰው ነበረ፤ ናዳውን ያመጣብን አንተ ነህ ብለው ሰላምታ ነሱት። በፍልሰታ ጾሙን የገደፈ ሰው አለ እየተባለም ሰው እርስ በርሱ አፍ አፉን ይተያያል። ሰው ከተራራ ጋር ተጣልቶ እንደማያሸንፍ ስለሚያውቅ የሚጣላው ሰው ይፈልጋል። እኔ ሩቅ መፈለግ አላስፈለገኝም። የምጠረጥረው ሰው አጠገቤ ነበር የሚተኛው።

ሬሳ ባይገኝም ልቅሶ ተቀመጥን። እናቴ ፀጉሯን ተላጨች። ከላይ ከከተማው አንዲት ስመ ጥር አልቃሽ መጣች፤ ድምጿ ድንጋይ ያስለቅሳል። ወንድሜን ከልጅነቱ ጀምራ ስታነሳሳው ሴቱ ሁሉ ደረቱን ይደቃል። በመካከሉ እንዲህ አለች፦

«ፊቱን የማያዞር፣ ጓዱን የማይተው፣
ምን ዓይነት ናዳ ነው እሱን የወሰደው።»

ይህን ጊዜ ባሌ ሳቀ።

ከወንዶቹ መካከል ተቀምጦ ነበር። አፉን በጋቢው ጫፍ ሊይዝ ቢሞክርም ድምፁ ወጣ። አልቃሿ አቋረጠች። ሰው ሁሉ ዞረ። ባሌ ተነስቶ እየተደናቀፈ ወደ ጓሮ ሄደ። አጎቴ ወደ እኔ አየ። እናቴ ወደ እኔ አየች። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። የኀዘን ሳቅ አለ፣ አውቃለሁ፤ የሚያለቅስ ሰው ድንገት ይስቃል። የባሌ ሳቅ ግን እንደዚያ አልነበረም። የሰው ውሸት ሰምቶ እንደሚስቅ ሰው ነበር የሳቀው።

ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱን ነገሩን መከታተል ጀመርኩ። ጋቢውን እንዴት አገኘኸው ብዬ መጀመሪያ ስጠይቀው «ዳገቱ ሲያልበው አውልቆ በቅሎዋ ላይ ጥሎት ነበር» አለኝ። ለአጎቴ ግን «ከታች መንገድ ላይ ወድቆ አገኘሁት» ብሎታል። ሁለቱን ቃል አጠገብ ላጠገብ አድርጌ ያዝኩ። ያንድ ጋቢ ነገር ሁለት ሊሆን አይችልም።

እህል እምቢ አለ። ነጎድጓድ ሲሰማ፣ ምግብ ላይም ቢሆን፣ ተነስቶ በሩ መሃል ይቆማል፤ አንድ እግሩ ውስጥ፣ አንድ እግሩ ውጭ። አንድ ቀን ጠዋት ገብስ ስፈጭ ከተኛበት ዘሎ ተነሳና «አቁሚው!» ብሎ ጮኸብኝ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምኑን ላቁም?»

«ወፍጮውን። እኔ ቤት ሳለሁ አትፍጪ።»

«ታዲያ ምን ልትበላ ነው?»

«አልበላም» አለ። እውነቱንም ነበር። ከዚያ በኋላ እህሌን ተሸክሜ ጎረቤት ሄጄ መፍጨት ጀመርኩ። ሴቶቹ ለምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ የወፍጮዬ መጅ ተሰብሮብኝ ነው እላቸዋለሁ። አንዷ «ያንቺ መጅ ካመት በፊት የወጣ አዲስ አይደለም?» አለችኝ። እኔም ለሱ መዋሸት መጀመሬን ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት፤ ይበልጥ አናደደኝ።

ይህ ሁሉ የፍርሃት እንደሆነ ማን ይነግረኛል? ፍርሃትና በደል ሰው ላይ ሲወጡ መልካቸው አንድ ነው። ሁለቱም እንቅልፍ ይነሳሉ፤ ሁለቱም ቃል ያምታታሉ፤ ሁለቱም ዓይን ያሸሻሉ። እኔ ያየሁትን ነው የጠረጠርኩት፤ ዛሬም ቢሆን ያንን ያየ ሰው ሌላ ምን ሊያስብ ይችል እንደነበር አላውቅም።

አንድ ቀን እናቴ ብቻዬን አገኘችኝ። የተላጨ ራሷን በነጠላ ሸፍና ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣለች።

«ልጄ፣ ባልሽ ምን አለሽ?»

«ለሁላችሁም ያለውን ነው ያለኝ።»

«የገደለው ናዳ ከሆነ እግዚአብሔር ያውቃል» አለች። «ናዳ ካልሆነ ግን አንቺ ታውቂያለሽ። አብረሽው ነው የምታድሪው።»

ያን ዕለት ወደ ቤቴ ስመለስ ባሌን ናዳው ቦታ ድረስ ልወስደው ቆርጬ ነበር።

መስከረም ጠባ። ፀሐይ ወጣ፣ ጭቃው ጠጠር ማለት ጀመረ፣ ሰዎችም ናዳውን አቋርጦ የሚያልፍ ቀጭን መንገድ አወጡ። ያርባ ተዝካሩ ቀርቧል፤ ጨውና በርበሬ ያስፈልገናል። ባሌን «አብረን አሊዩ አምባ እንውረድ» አልኩት።

«ሌላ ሰው ይውረድ።»

«እኔና አንተ ነን የምንወርደው።»

«አልወርድም አልኩሽ!»

«ታዲያ አጎቴ ባልሽ ለምን አይወርድም ብሎ ሲጠይቀኝ ምን ልበለው?»

ይህን ስለው ትኩር ብሎ አየኝ። ከናዳው ወዲህ እስከዚያ ቀን ድረስ ዓይኔን አይቶት አያውቅም።

«ጠርጥረሽኛል» አለ።

«ውረድና አሳየኝ።»

በጠዋት ተነሳን። ቁልቁለቱን ስንጀምር ከፊቴ እንዲሄድ አደረግሁት። ገደሉ በስተግራችን ነበረ፤ ባሌ ከኋላዬ እንዲሆን አልፈለግሁም። እሱም ገብቶታል መሰለኝ፣ አንድ ጊዜም ዞር ብሎ ሳያይ ልጓሙን ይዞ ወረደ።

ናዳው ቦታ ስንደርስ ግን እኔም እግሬ ከዳኝ። ሲነገር ሰምቼ ነበር እንጂ እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። ተራራው ቆዳው ተገፎ ቀይ ሥጋው የታየ ይመስላል። ትልልቅ ዛፎች ሥራቸው ወደ ሰማይ ዞሯል። ሽታው አዲስ የተቆፈረ መቃብር ሽታ ነው። ፀጥ ብሎ ሳለ ከላይ ትንሽ ጠጠር ብቻዋን ተንከባልላ ትወርዳለች፤ ማንም ሳይነካት። ትቆምና ሌላዋ ትከተላለች። አንድ ሰው ከላይ ሆኖ የሚያየን፣ የሚጠብቀን መሰለኝ። ወንድሜን ረሳሁት፣ ጥርጣሬዬንም ረሳሁት፤ መመለስ ብቻ ነበር የፈለግሁት።

ባሌ ተቀመጠ። እንደ ሕፃን በቂጡ ዝርግፍ ብሎ ተቀምጦ የበቅሎዋን እግር ያዘ። ላብ ካገጩ ይንጠባጠባል።

«የት ላይ ነበርክ?» አልኩት። ድምፄ የኔ አልመስል አለኝ።

«እዚህ። እስከ ወገቤ ቀብሮኝ ነበር።»

«እሱስ?»

የበቅሎዋን እግር ይበልጥ አጥብቆ ያዘ።

«እሱስ የት ላይ ነበር?»

«ከኋላዬ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አላየሁም» አለ። አፉ ይህን ሲል ዓይኑ ግን ወደ ታች፣ ወደ መንገዱ ቁልቁል ሄደ። ከላይ ሲያስቆፍራቸው ከርሟል፤ ዓይኑ የሚያየው ወደ ታች ነው። አየሁት። እዚያ ታች የደበቀው ነገር አለ አልኩ በሆዴ፤ ግን እዚያ ቦታ ቆሞ የሚከራከር ሰው የለም። ብብቱን ይዤ አስነሳሁትና እጅ ለእጅ ተያይዘን፣ ትንፋሻችንን ውጠን አለፍን። ሰው የሚፈራውን ሰው እጅ እንዲህ አጥብቆ ሊይዝ ይችላል ብሎ የነገረኝ አልነበረም።

አሊዩ አምባ ስንደርስ ባሌ በቅሎዋን ሊያስር ከደጅ ቀረ። እኔ ቀድሜ ጥጥ የምትሸጥልን ደንበኛችን ቤት ገባሁ። ከአባቴ ዘመን ጀምሮ የምናውቃት ዕድሜዋ የገፋ እስላም ሴት ናት፤ ከከተማው በታች የጥጥ እርሻ አላት። ስታየኝ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና ተነሳች።

«ልጄ፣ ልጄ! አላህ ያጽናሽ። መንገዱ ተዘግቶ ነው እንጂ መጥቼ አለቅስልሽ ነበር። እንደዚያ ያለ ሰው! ወላሂ፣ መልአክ ነበር እንጂ ሰው አልነበረም።»

«እግዜር ይስጥልኝ እናቴ» አልኩ። ወንድሜን ነው ብዬ።

«ባል ማጣት እንዲህ በልጅነት...»

«ባል?»

«ባልሽን ነዋ።»

«ባሌ ደጅ በቅሎ እያሰረ ነው» አልኳት።

ሴትዮዋ እንደቆመች ቀረች። ከዚያ እጄን ያዘችና ቀስ ብላ «ታዲያ ወንድምሽ ይህን ሁሉ ጊዜ የሚያለቅሰው ለማን ነው?» አለችኝ።

ምን እንዳደረግሁ አላስታውስም። እሷ ስትነግረኝ ጮኼ ወደቅሁ አለች። የማስታውሰው ባሌ ሮጦ ሲገባ፣ እሷም እሱን አይታ «ቢስሚላህ» ብላ ወደ ግድግዳው ስትሸሽ ነው።

ወንድሜ በናዳው ዕለት ሲመሽ ነበር እሷ ዘንድ የደረሰው። ጋቢ የለውም፤ እየተንቀጠቀጠ። ለብዙ ቀን አልተናገረም። ሲናገር «የእህቴን ባል ገድዬአለሁ፤ ማንም እንዳይሰማ» አላት። ሌላ አልጨመረላትም። እሷም በመሸሸጓ እየፈራች፣ በማውጣቷም እየፈራች፣ ከሰው ዓይን ርቆ እርሻው ላይ እንዲሠራ አድርጋዋለች።

እርሻው ላይ ስንደርስ ወንድሜ ጥጡን ሲያርም አገኘነው። ቀና ሲል ባሌን አየ። መኮትኮቻው ከእጁ ወደቀ። አልሸሸም፤ መጥቶም አልሳመንም። ጎንበስ ብሎ ከመሬት አንድ ትልቅ ድንጋይ አነሳና ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ማረኝ እንደሚል በደለኛ፣ ወደ ባሌ ተንበርክኮ መምጣት ጀመረ።

«ድንጋዩን አስቀምጥ!» ብሎ ጮኸ ባሌ። ወደ ኋላ አፈገፈገ፣ እጁን ፊቱ ላይ ጋረደ። «ድንጋይ አታንሳብኝ! አስቀምጠው! አስቀምጠው!»

ወንድሜ ድንጋዩን ጣለ። ሁለቱም ቆመው ያለከልካሉ።

«ጋሼ» አለ ወንድሜ ቆይቶ። «እጅዎን ሲዘረጉ አይቻለሁ። ሲጠሩኝም ሰምቻለሁ። ልመጣ ብዬ ነበር፤ እመቤቴ ምስክሬ ናት፣ ልመጣ ብዬ ነበር። እግሬ ግን አልሰማኝም። እሱ ነው ቁልቁል የወሰደኝ። ራሴን ሳውቅ ወንዙን ተሻግሬአለሁ። ከኋላዬ ሁለተኛው ናዳ ሲወርድ ሰማሁና አለቀላቸው አልኩ።»

«አውቃለሁ» አለ ባሌ። «ጀርባህን አይቻለሁ።»

እኔ ወደ ባሌ ዞርኩ። «አይተኸዋል? አይተኸው ነው አላየሁም ያልከኝ?»

«ምን ልበል?» አለ። «ተፍጨርጭሬ ስወጣ ተከተልኩት። ጋቢው ታች መንገዱ ላይ ወድቋል። ከጋቢው ወዲያ መንገድ የለም፤ ሁለተኛው ናዳ ይዞት ሄዷል። እሱንም ይዞት የሄደ መሰለኝ። ታዲያ ለእናትሽ ምን ልንገራት? ልጅሽ ሞተ ልበል ወይስ ልጅሽ እኔን ጥሎ ሲሸሽ ሞተ ልበል? እነ አጎትሽን ታች አስቆፍሬአቸው ቢሆን፣ ወደ ቤቱ የሚወጣ ሰው እዚህ ታች ምን ያደርግ ነበር ብለው ይጠይቁኝ ነበር። የሞተ ሰው ስሙ እንኳ ይትረፈው ብዬ ነው።»

«ለቅሶውስ ላይ የሳቅኸው?»

«አልቃሿ ጓዱን የማይተው ስትል ምን ላድርግ? አፌን ይዤ ነበር። አመለጠኝ።»

ወንድሜ «እንዲህ ብላ አለቀሰችልኝ?» ብሎ ጠየቀና ፊቱን ሸፍኖ መሬት ላይ ተደፋ። ይሳቅ ያልቅስ መለየት አልቻልኩም። ባሌ አጠገቡ ተቀመጠና እጁን ጀርባው ላይ አደረገለት።

እኔ ደስ ብሎኛል፤ እንዴት አይለኝም? ወንድሜ ቆሞ አለ፣ ባሌም ነፍሰ ገዳይ አይደለም። ነገር ግን ክፉ ልማድ እንደ ቅማል ነው፣ ባንድ ቀን አይለቅም። እዚያች ሴት ቤት በተቀመጥንበት ባሌን ለብቻው አገኘሁትና «መሬቱስ?» አልኩት።

«መሬቱ ምን?»

«እሱ ሞቶ ቢቀር ያንተ ሆኖ ይቀር ነበር። ዝም ያልከው ለስሙ ብለህ ብቻ ነው?»

«አልዋሽሽም» አለ። «አንድ ቀን አስቤዋለሁ። ባሰብኩበት ቀን እህል አልቀመስኩም።»

እህል የቀመሰበትን ቀን አላየሁምና የትኛው ቀን እንደሆነ ላውቅ አልቻልኩም።

ሽቅብ ስንመለስ ሁለቱ ለአገሩ የሚነገረውን ቃል ሲያበጁ ሰማኋቸው። ናዳው ወንድሜን ጠርጎ ወንዙ ዳር ጣለው፤ ራሱን ስቶ ሰነበተ፤ ሴትዮዋ አስታማ አዳነችው፤ መንገዱ ስለተዘጋ ወሬ ሳይደርስ ቀረ። አንዱ ሲጀምር አንዱ ይጨርሳል። አንዱ ሲሳሳት አንዱ ያርማል። እንዲህ አድርገው ውሸት ማስማማት የሚችሉ ከሆነ፣ ከጥጡ እርሻ ላይ የሰማሁትስ እውነት ስለመሆኑ ምን ዋስትና አለኝ ብዬ አሰብኩ። ናዳው ቦታ ስንደርስ ግን ሁለቱም ቃላቸው ተቋረጠ። ባሌ ከፊት፣ ወንድሜ ከመሃል፣ እኔ ከኋላ፣ እንደ ዕውር ተያይዘን አለፍን። ወንድሜ ጸሎት ይደግም ነበር፤ ባሌ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚራመደው።

እናቴ ወንድሜን ስታየው መጀመሪያ በጥፊ መታችው። ከዚያ አንገቱን አቅፋ ሽታውን ሳበች፤ ብዙ ጊዜ ሳትለቀው ቆየች። ባሌ የተበጀውን ቃል ነገራት። እየሰማች ራሷን ትነቀንቃለች። ሲጨርስ «ናዳ ሰው ይጠርጋል» አለች፤ «ጋቢ ግን አያወልቅም።» ከዚያ ተነስታ ለባሌ በገዛ እጇ ጠላ ቀዳችለት። ለአማቿ በገዛ እጇ የቀዳችው በዚያ ቀን ብቻ ነው። ነገሩንም ዳግመኛ አላነሳችውም።

መሬቱ ለወንድሜ ተመለሰለት፤ ያውም በዚያው መስከረም። አገሩ የወንድሜን መትረፍ የታቦቱ ተአምር አደረገው፤ ለታቦቱም በዓመቱ ስለት አስገባ። ለባሌ ግን ሳቁ ቀረለት። የሱን ስም ያነሳ ሰው «ያ በለቅሶ ላይ የሳቀው?» ሳይል አያልፍም። ቢናገር ይጸዳ ነበር። አልተናገረም።

በዓመቱ አንኮበርን ለቀን ወደ ደብረ ብርሃን ወጣን። ሜዳ ካልሆነ አልኖርም ያለው እሱ ነው። ከበላያችን ምንም የለም፤ ከሰማይ በቀር። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ባሌ ግን እዚያ ከገባን ጀምሮ እንቅልፍ ወሰደው። የበግ ጠጉር እየገዛን ብርድ የሚመልስ ባና ማሠራት ጀመርን። ወፍጮውንም ብዙ ቆይቶ፣ አንድ ጠዋት ከቤት ሳይወጣ፣ «በቃ ፍጪ» አለኝ። ስፈጭ ከጎኔ ቁጭ ብሎ መጁን እያየ ላብ በላብ ሆነ፤ ግን ተነስቶ አልሄደም።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እናቴ ከሞተች ወዲህ፣ እኔና ወንድሜ ብቻችንን አንድ ጊዜ ወደ አሊዩ አምባ ወረድን፤ ያቺ ሴት ታማለች ተብለን ልንጠይቃት። ናዳው ቦታ ቁጥቋጦ በቅሎበታል፤ የማያውቅ ሰው ምንም አይለውም። ወንድሜ ስለ ልጆቹ እያወራኝ ከኋላዬ ይመጣል። መሃሉ ላይ ስንደርስ ከላይ አንድ ድንጋይ ተፈናቅሎ ወረደና ከፊታችን መንገዱን አቋርጦ ገደሉ ውስጥ ገባ።

ቀና ብዬ ተራራውን አላየሁም። ዞሬ የወንድሜን እግር ነው ያየሁት።

አልተንቀሳቀሰም። ፊቱ ገርጥቷል፣ እግሩ ግን ባለበት ነው። መጥቶ እጄን ያዘና አሻገረኝ፤ ወሬውንም ካቆመበት ቀጠለ። ድንጋዩ ግን ትንሽ ነበረ፤ የሁለት ጭብጥ ያህል። እግሩን ማየቴን እሱም አይቷል መሰለኝ፣ ወንዙ ጋ እስክንደርስ እጄን አልለቀቀም።

ሴትዮዋ ከሕመሟ ቀና ብላ ጠበቀችን። ያን ዕለት እዚያው ዋልን።